ያገለገለች አቬንሲስ ለሚገዛ፦ ደሴ ላይ አስነሥቶ፣ ሐረጎን አውርዶና አውጥቶ መመዘን

ቶዮታ አቬንሲስ ከኮሮላ ሰፋ ብላ፣ ቤተሰብ ይዛ ረጅም መንገድ እንድትሄድ የተሠራች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 «ካሪና ኢ» የተባለችውን የቶዮታ መኪና ተክታ እንግሊዝ አገር በርናስተን ባለው የቶዮታ ፋብሪካ መመረት ጀመረች፤ በ2018 ምርቷ ቆመ። ምርቷ መቆሙን የሰማ ገዢ «እቃ አይገኝላትም» ብሎ ይሸሻል። ሻጩ ደግሞ «ቶዮታ አይደለችም እንዴ?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከኮፈኑ ሥር ያለው ብዙው ነገር ከኮሮላና ከራቭ ፎር ጋር የሚጋራ ስለሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ የውሃ ፖምፓው ይገኛል። ከኮፈኑ ውጭ ያለው ግን፣ የፊት መብራቱ፣ ፓራውልቱ፣ የበሩ ላሜራና ስፖኪዮው፣ የእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ አቬንሲስን ስትመዝኑ ከኮሮላ በተለየ ለአካሏ ብዙ ትኩረት ስጡ። ሞተር ይታደሳል፤ የተሰበረ የፊት መብራት ግን ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መደረጉ ነገሩን አክብዶታል። አገር ውስጥ ያለችው መኪና ናት እጅ ከእጅ የምትዞረው። ዋጋዋ ወጥቷል፣ ስህተቱም አብሮ ወጥቷል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ገዢ ግን ሌላ ከተማ የሌለ መመዘኛ አለ፤ እሱም መንገዱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየታጠፈ ይወርዳል። ወርዳ ተመልሳ የወጣች መኪና አንድ ጋራዥ በግማሽ ቀን የማያገኘውን ታወጣለች። ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞሮ «ነድቻታለሁ» ማለት ምንም አይነግርም። ሻጩ ሐረጎን ለማስወረድ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ የነዳጁን እንደምትችሉ ንገሩት። ያኔም እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።

የትኛዋን አቬንሲስ?

ሦስት ትውልድ አሏት። የመጀመሪያዋ ከ1997 እስከ 2003፣ ሁለተኛዋ ከ2003 እስከ 2008፣ ሦስተኛዋ ከ2009 እስከ 2018 የተሠሩት ናቸው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዋ ትውልድ እስከ 2000 ድረስ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ወይም 1.8 ሊትር 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር ይዛ ትመጣለች። እነዚህ ለአገራችን መካኒክ እንደ እጁ መዳፍ የሚታወቁ ሞተሮች ናቸው። የቫልቮቻቸውን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ፣ ነው። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ቢበጠስ ግን ፒስተኑና ቫልቩ ስለማይገናኙ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች እንጂ ሞተሩ አይሰበርም። ዕድሜዋ ትልቅ ቢሆንም አካሏ ያልበሰበሰ ከተገኘች ለደሴ ሰው ጥሩ ግዢ ናት። አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንዶቹ ነዳጅ በማቅጠን የሚሠሩ ዓይነት ናቸው። የጭስ ማውጫ ሴንሰራቸው ከተራው የተለየና ውድ ስለሆነ፣ መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ሁለተኛዋ ትውልድ ብዙ ፈላጊ ያላት ናት። ከቤንዚኖቹ መካከል 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ፣ 129 የፈረስ ጉልበት፣ በቺንጋ ፈንታ ካቴና፣ ማለትም የብረት ሰንሰለት፣ ያለው ሞተር ነው፤ ምረጡ ብንባል እሱን ነው የምንመርጠው። ያለበት አንድ ትልቅ በሽታ ዘይት መብላት ነው። ቀድሞ በተሠሩት ላይ ፒስተኑ ውስጥ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ትንንሽና ጥቂት ስለነበሩ በጥቁር ዝቃጭ ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ያልፋል። በ2005 አካባቢ ፒስተኑ ተሻሽሏል። ስለዚህ ከ2006 ወዲህ የተሠራች 1.8 ከ2003ቷ ይልቅ ብዙ ታዋጣለች፤ መልኳ ሻል ስላለ ሳይሆን ፒስተኗ ስለተለወጠ ነው። የመኪናዋን ትክክለኛ ዓመት ለማወቅ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ሥሩ ላይ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመትና ቀበቶው ላይ ያለው ዓመት ብዙ ከተራራቁ ጥያቄ አንሡ።

2.0 ሊትር ቤንዚኑ ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ዓይነት ነው፤ ኮፈኑ ሥር የሞተሩ መሸፈኛ ላይ «ዲ-4» የሚል ምልክት አለው። ለከተሞቻችን አንመክረውም። ነዳጁ ቫልቩን አጥቦ ስለማያልፍ በማስገቢያው በኩል ካርቦን ይጋገራል፤ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ቆሻሻ ነዳጅ አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ብሎን የሚያዝበት የአሉሚኒየም ጥርስ በሙቀት ብዛት ተልጦ መውጣቱ ነው። ያኔ ውሃ በሞተሩ ጀርባ በኩል፣ ቴስታታውና ብሎኩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይወርዳል። ሐረጎን በየቀኑ የሚወጣ ሰው ይህን ሞተር ሊቀርበው አይገባም።

ናፍጣዋ ተርቦ ስላላት ደሴ ላይ ከቤንዚኗ በተሻለ ትጎትታለች፣ ይህ እውነት ነው። የ2.0 ሊትሩ የመጀመሪያው ናፍጣ ቺንጋ አለው፤ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ የመቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ቀንሱ። ኋላ የመጡት 2.0 እና 2.2 ናፍጣዎች ካቴና አላቸው፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ችግር ግን ተከትሏቸዋል፤ ብሎኩ ራሱ ከላይ ስለሚበላ ጋርኒሲዮን መቀየር ብቻ አይበቃም። ጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸውንም ተዉ፤ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ይደፍነዋል።

ሦስተኛዋ ትውልድ አዲስና ምቹ ናት። የእጅ ፍሬኗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሲበላሽ መኪናዋን እንደያዘ ይቀራል። ስትፈትሹ አሥር ጊዜ ያህል አስይዙና ልቀቁት።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ብዙ ሰው ኮፈን አስከፍቶ፣ መካኒክ ከፍሎ፣ ዋጋ ተስማምቶ ነው ሊብሬ የሚጠይቀው። ተገላቢጦሽ አድርጉት፤ ወረቀት ማየት ገንዘብ አያስወጣም። የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ በሊብሬው፣ በመኪናዋ ላይ በተቀረጸውና በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው መካከል ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። በርናስተን የተሠራች አቬንሲስ የሻንሲ ቁጥሯ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤስ-ቢ-1» ብሎ ይጀምራል። በሌላ የሚጀምር ከሆነ የት እንደተሠራች ጠይቁ። የሞተር ቁጥሩ የተለየ ከሆነ ሞተር ተቀይሯል ማለት ነው፤ ሞተር መቀየር ወንጀል አይደለም፣ ሊብሬ ላይ ሳይመዘገብ መቀየሩ ግን ስም ስታዛውሩ ያስቆማችኋል።

ከቀረጥ ነፃ የገባች መሆን አለመሆኗን፣ የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ራሳችሁ ሂዳችሁ አረጋግጡ። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያላት ከሆነች ፋይሏን ወደ አማራ ክልል የማዛወሩ ጣጣ የማን እንደሆነ ከዋጋው በፊት ተነጋገሩ። ሻጩ ባለ ውክልና ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይጨምር። ባለ ትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ካላገባም የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብ። ቦሎው ያለፈበት ከሆነ ራሱ ሻጩ አስመርምሮ ያምጣት። «እኔ የመጣሁት ለመኪና ነው፣ ለክርክር አይደለም» በሉና ፈገግ ብላችሁ ጠብቁ።

ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ

ቀጠሮ በጠዋት ያዙ፤ ደሴ ሲነጋ ያለው ብርድ ጥሩ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩ እንዳይነሳ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቃት ከሆነ የሚደበቅ ነገር አለ፣ በሌላ ቀን ተመለሱ።

የላዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ለዓመታት ተራ ውሃ ነው የተሞላው፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በዚህ ይበላል። ላዩ ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ጋርኒሲዮን ነው። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡት። ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ጤዛ ቢኖር በደሴ ብርድ አያስደነግጥም፤ ዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ግዢው አብቅቷል።

የላዲያተሩ ክዳን ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። በደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 91 እና 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ በላይ፣ ቬንትሌተሩ የሚነሳው ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው፤ ጤነኛ ክዳን 1 ባር ያህል ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ውሃው ቬንትሌተሩ ሳይነሳ ይፈላል። አዳማ ወይም ሚሌ ላይ የማይታወቅ ስንኩል ክዳን ደሴ ላይ ቴስታታ ያጣምማል። ጎሚኒውን በጣት ዳስሱት፤ ከተሰነጠቀ፣ ያ መኪና ስንት ጊዜ ፈልቶ እንደነበር ማንም አያውቅም።

አሁን ዘይቱን እዩ። በጣት መካከል ሲያሹት በብርድ እንደ ማር የሚወፍር ከሆነ፣ ጭስ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ተጨምሯል። 1ዜድዜድ የሚፈልገው ቀጭን፣ 5ደብልዩ-30 የሚባለውን ነው። ፖርታባጋልዮውን ክፈቱና እቃው መካከል የተጀመረ የዘይት ጀሪካን ካለ አስተውሉ። «ለጥንቃቄ ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፣ ግን ጤነኛ ሞተር ያለው ሰው ዘይት ይዞ አይዞርም።

ከዚያ ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ብቻ አዙሩ፣ አታስነሡ። ክሩስኮቱ ላይ የሞተር ምልክት፣ የኤርባግ ምልክት፣ የኤቢኤስ ምልክት ሁሉም መብራት አለባቸው። ያልበራ ካለ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል፣ ይህም ከሚበራ ምልክት ይብሳል። ሁለተኛዋ ትውልድ ለሾፌሩ ጉልበት ሳይቀር ኤርባግ አላት፤ ተቃጥለው ያልተተኩ ከሆነ ምልክቱ ነው የሚናገረው።

አስነሡ። ካቴናው አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ቢንኳኳ ዘይት እስኪደርሰው ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ካቴናው ወይም ወጣሪው አልቋል። ሞተሩ ሲሞቅ በደቂቃ ወደ 700 ዙር ገደማ ላይ ተረጋግቶ መቆየት አለበት። ነጭ እንፋሎት በጠዋት ከማርሚታው ቢወጣ የደሴ አየር ነው፤ ሞተሩ ሞቆም የሚቀጥልና ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ውሃ እየተቃጠለ ነው። ባትሪውን በመለኪያ እዩ፦ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4። ከዚያ ዝቅ ካለ ዲናሞው ነው።

ኮምፒውተር ማስነበቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ይሰካው፤ ከሾፌሩ ጉልበት በላይ ከክሩስኮቱ ሥር ነው መሰኪያው። የተመዘገበ ስህተት ባይኖርም አትደሰቱ። መሣሪያው «ራስን መፈተሻው አልተጠናቀቀም» የሚል ከሆነ፣ ስህተቱ ጠዋት ላይ ተሰርዟል። ከሐረጎ ስትመለሱ እንደገና አስነብቡት። ከ1ዜድዜድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ፒ 1349» የቫልቭ ጊዜ አስተካካዩ ዘይት አጥቶ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይነግራል። ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ወንፊቱን አጥቦ መመለስ ይበቃል፤ ግን ዘይቱ በጊዜው አለመቀየሩን ያጋልጣል።

ሐረጎን መውረድ

ሙሉ መኪና ሰው ይዛችሁ ውረዱ፣ ብቻችሁን አይደለም። አራት ሰው የጫነች መኪና ናት እውነት የምትናገረው።

ከደሴ ስትወጡ አንድ ነገር አስታውሱ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌላት መኪና ጉልበቷ ሩብ ያህል ይቀንሳል። 129 ፈረስ ያለው ሞተር ደሴ ላይ 97 ያህል ነው። «ትደክማለች» ብላችሁ ጤነኛዋን አትጣሉ፤ ሌላ ደሴ ላይ የምትውል 1.8 መኪና ነድታችሁ ከእሷ ጋር አወዳድሩ።

ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ፣ ጠበብ ሲል በሁለተኛ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ ሞተሩ እንዲይዛት እያደረጋችሁ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነች ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዷት። በዚህ ጊዜ የአየር ማስገቢያው ስለተዘጋ ሲሊንደሩ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠራል፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው የደከመ ከሆነ ዘይቱ ተመጦ ይገባል። ለአሥር ደቂቃ እንዲህ ከወረዳችሁ በኋላ፣ ቀጥ ባለ ቦታ ላይ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ ነዳጁን ደህና አድርጋችሁ ስጧት። ከኋላ የተቀመጠው ሰው በመስታወት ይመልከት። ሰማያዊ ደመና ከወጣ የዘይት በላተኛዋን አገኛችኋት። ደሴ ውስጥ ቆማ ጭስ የሌላት መኪና እዚህ ላይ ነው የምትጋለጠው፤ ሻጩ በቅጡ አጥቦና አስተካክሎ ቢያመጣትም ይህን መደበቅ አይችልም።

ያው መውረጃ ፍሬኑንም ይፈትናል። ፍሬን ስትይዙ መሪው በእጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። ፔዳሉ ከመጀመሪያው ይልቅ እየሰመጠ ከሄደ የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ውሃ ጠጥቷል፤ ውሃው በሙቀት ይፈላል፣ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ወደ አንድ ጎን ከሳበች ወይ ሸራው እኩል አላለቀም ወይ አንዱ ፒስተን ተጣብቋል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚግል ከሆነ የተጣበቀው እሱ ነው። አቬንሲስ ላይ ብዙ ጊዜ የኋላው ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ትንሽ ንዱ። 80 ላይ መሪውን ለአፍታ ላላ አድርጉ፤ ቀጥ ብላ ካልሄደች ወይ አሰላለፉ ነው ወይ የተመታ ሻንሲ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከጠነከረ የግራው፣ ወደ ግራ ስትታጠፉ ከጠነከረ የቀኙ ነው። በገለልተኛ ማርሽ ቆማ የሚሰማና ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጠፋ ጩኸት ካለ፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮ ያስወርዳል።

ሐረጎን መውጣት

ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ መውጣት የማቀዝቀዣውን ሥርዓት ይመዝናል። አየር ማቀዝቀዣ ካላት ክፈቱት፤ ሸክሙ ይብዛባት። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ግማሽ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ቀስቱ ከግማሽ በላይ ከወጣ ቁሙ። አንዳንድ ሻጭ «ሐረጎ ላይ ሁሉም መኪና ይሞቃል» ይላል። አይሞቅም፤ ጤነኛ አቬንሲስ አራት ሰው ይዛ ሐረጎን ስትወጣ ቀስቷ አይንቀሳቀስም።

በሦስተኛ ማርሽ በ40 ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አውቶማቲክ ላይ ማርሽ ስትቀይር ምት ወይም መዘግየት ካለ ዘይቱን እዩ፤ ቀይ ሮዝ መሆን አለበት፣ ቡናማና የተቃጠለ ከሸተተ ተዉት። ዳገቱ መካከል ቁሙና በእጅ ፍሬን ብቻ ይዟት፤ ከዚያ ተነሡ።

ደሴ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ለአምስት ደቂቃ አቁሟት። ቬንትሌተሩ ሲነሳ መስማት አለባችሁ። ኮፈኑን ክፈቱና በባትሪ መብራት ከሞተሩ ኋላ፣ ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር፣ ከካቴናው ወጣሪ ጎን እና ከላዲያተሩ ሥር ተመልከቱ። ከወጣሪው ጎን የሚወርድ ዘይት ከአንዲት ትንሽ ክብ ጎሚኒ ነው፤ ቀላል ነው፣ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም።

ግፊት መለካት፣ የደሴን ከፍታ አስቦ

ጭስ አይታችሁ ልባችሁ ካመነታ የሲሊንደር ግፊት አስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጅ መርጫው ተነቅሎ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ዙር ይምታ። ብዙ መካኒክ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዝቅተኛ 10 ባር ይዞ ደሴ ላይ 8.5 ሲያገኝ «ሞተሩ ሞቷል» ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ላይ ያ 10 ባር ከ7.5 እስከ 8 ባር ሆኖ ነው የሚነበበው። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠቅማችኋል፤ ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት አፍስሶ እንደገና ይለካ፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው፣ ካልወጣ ቫልቩ ነው።

ካንዴላዎቹም በእጃችሁ ናቸው፣ እዩዋቸው። ቡናማ ደረቅ ከሆኑ ጤና ነው። አንዱ ብቻ ጥቁርና ዘይታማ ከሆነ የሚበላው ሲሊንደር እሱ ነው።

ከሥሯና ከአካሏ

ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውስጥ አስገቧት። አብዛኞቹ አቬንሲሶች ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ከሚበተንበት የአውሮፓ አገር የኖሩ ስለሆኑ ከላይ አብረቅራቂ፣ ከሥር የዛጉ ሊሆኑ ይችላሉ። የኋላ ጎማ ጉልላት ውስጡን፣ የኋላ ተሸካሚውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹን በስክሩድራይቨር ጫፍ ኳ ኳ አድርጉ። የሚሰምጥ ከሆነ በአዲስ ጥቁር ቀለም የተሸፈነ ዝገት ነው። ፊት ለፊት የታችኛው ክንድ ጎሚኒ፣ የአክስሉ ጎማ መሸፈኛ፣ የአሞርዛተሩ ዘይት መፍሰስ ይታይ። የአክስሉ መሸፈኛ ተቀዶ ቅባት ከረጨ፣ መሪ እስከ ጫፍ ታጥፎ ስትነሳ «ቀጭ ቀጭ» ትላለች።

ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አንሸራትቱ። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። የፓራፋንጎው ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈተዋል። የመስታወቶቹ ጠርዝ ላይ ያለው ምልክት ከሌሎቹ የተለየ አንድ መስታወት ካለ ያ በኩል ተመትታለች። አደጋ ደርሶባት የተስተካከለች ሁሉ መጥፎ አይደለችም፤ የፊት ላዲያተሩ ተሸካሚ ብረት የተበየደ ከሆነ ግን ተዉት።

የፊት መብራቶቹን ጆሮ፣ ማለትም የሚያዙባቸውን ፕላስቲኮች፣ አንድ በአንድ ቁጠሩ። የተሰበረና በሽቦ የታሰረ ጆሮ ካለ፣ ሙሉ መብራቱን ገዝታችሁ እንደምትከፍሉ አስቡና ከዋጋው ቀንሱ። ፓራውልቱ፣ ፍሬቻውና ስፖኪዮውም እንዲሁ። ኮሮላ ላይ እነዚህን ተራ ነገር ብለን እናልፋቸዋለን፤ አቬንሲስ ላይ ግን ከሞተር እቃ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚያደክሙት።

ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 3217 ከሆነ በ2017 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ ይደርቃል፤ በሐረጎ ጭጋግና ዝናብ መንገዱን አይይዝም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ከመጠን በላይ አትመኑ። 120,000 የሚል ቆጣሪ ያላት መኪና የፍሬን ፔዳል ጎሚኒዋ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ የመሪው ቆዳ ከተላጠ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከሰመጠ፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሷል። «የዶክተር መኪና ነበረች፣ ሞተሯ አልተነካችም» የሚለውን ሁሉም ደላላ ይለዋል።

ዋጋውን ስትነጋገሩ

ለመሸሽ ምክንያት የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፦ ውሃና ዘይት የተቀላቀለባት፣ ሻንሲ ቁጥሯ የማይገጥም፣ የኋላ ተሸካሚዋ የበሰበሰ፣ ሐረጎን ስትወጣ የሞቀች፣ ወይም ዲ-4 ሆና በሞተሩ ጀርባ ውሃ የምታሳይ። ሌላው ሁሉ ዋጋ ነው። ዘይት የምትበላ 1ዜድዜድ እንኳ በልክ ከተገዛች ጥሩ መኪና ትሆናለች። አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ «ይፈቀዳል» ይላሉ፤ እኛ ግን ከ0.3 ሊትር በላይ ከበላች ሞተር ማደሻውን፣ ማለትም ፋሻ፣ የተሻሻለውን ፒስተን፣ የቫልቭ ጎሚኒና ጋርኒሲዮን ከነእጅ ሥራው ቆጥራችሁ እንድትቀንሱ እንመክራለን። ፋሻ ብቻ ቀይሮ የድሮውን ፒስተን መመለስ ዋጋ የለውም፤ ቀዳዳው ያው ነው፣ በዓመት ውስጥ ይመለሳል።

ከገዛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የቀድሞዎቹ 1ዜድዜድ 3.7 ሊትር ገደማ ይይዛሉ፣ የኋለኞቹ 4.2፤ 3.5 አፍስሳችሁ ከዚያ በመለኪያው እያያችሁ ጨምሩ፣ ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ካንዴላ ስትገጥሙ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ይሁን። የላዲያተሩን ውሃ አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሙሉ፤ ሮዙንና አረንጓዴውን አታደባልቁ። አዲስ የላዲያተር ክዳን ግዙ። የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለውጡ። ከዚያ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ጠዋት መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ዘይት መለኪያውን እያወጣችሁ ደረጃውን በማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ ምን ያህል እንደምትበላ ታውቃላችሁ፤ ዘይት ስትቀይሩ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ አታሳልፉ።